«ዕቃው መናኛ ነበር» ብለው ከመፍረድዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች አዲስ የተሠራ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ የውሃ ገንዳ ሲያንጠባጥብ ወይም የመማሪያ ክፍል ጣሪያ በነፋስ ሲነሳ ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል። «ሲሚንቶው የተበላሸ ነው»፣ «ብረቱ ቀጭን ነው»፣ «ገንዘቡን በልተው መናኛ ዕቃ ገዙበት» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። እውነት ሆኖ ሲገኝም በዝምታ መታለፍ የለበትም። የሚያሳዝነው ፍርዱ ምርመራውን ሲቀድም ነው። ግንበኛው ስሙ ይጠፋል፣ ኮሚቴው ይበተናል፣ ከሕዝብ በተዋጣ ብር ሌላ ግድግዳ በዚያው ቦታ ይቆማል። ሁለት ክረምት ሳይወጣለት እሱም ይሰነጠቃል።

ይህንኑ ጥያቄ ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ የመረመረበት አንድ አደጋ አለ፤ የታይታኒክ መርከብ መስጠም። ከባሕር የራቀ የዋግ ሰው ከመርከብ ጋር ምን አገናኘው ሊሉ ይችላሉ። እኔ ታይታኒክን የመረጥኩት ብረቱ ተቆርጦ፣ ተመትቶ፣ በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ የድርጅቱ የስብሰባ መዝገብ ሳይቀር ተገላብጦ የተመረመረ እንደ እሱ ያለ አደጋ ጥቂት ስለሆነ ነው። መርማሪዎቹ የሄዱበትን መንገድ የተከተለ ሰው የራሱን ቀበሌ ግድግዳ ከየት ጀምሮ እንደሚመረምር ይገባዋል። ስለዚህ የእድር፣ የሰበካ ጉባኤ ወይም የትምህርት ቤት ግንባታ ኮሚቴ አባል ከሆኑ፣ እጅ አውጥተው ከመወሰንዎ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ። ዓመታቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መጀመሪያ፣ የገጠመው ምን ነበር?

ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር የተጋጨው ሚያዝያ 6 ቀን 1904 ዓ.ም. ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ያኔ እኛ ዘንድ አጼ ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ነበሩ። መርከቡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ሰጠመ። ከተሳፈረው 2,200 ያህል ሰው ወደ 1,500 የሚጠጋው አለቀ። በግጭቱ ሰዓት መርከቡ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፍ ነበር፤ በዚያው ቀን ስለ በረዶ የሚያስጠነቅቁ የሬዲዮ መልእክቶች ከሌሎች መርከቦች ደርሰውታል። ሆዱ በ16 ክፍሎች ተከፍሎ የተሠራ ሲሆን ከፊት ያሉት አራቱ በውሃ ቢሞሉ እንኳ ይንሳፈፍ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ውሃው ከአራት በላይ በሆኑ ክፍሎች ገባ። ክፍሎቹን የሚለዩት ግድግዳዎች እስከ ላይኛው ወለል ስላልደረሱ አንዱ ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ይፈስ ጀመር።

ስለ ብረቱ ገና አንድ ቃል ሳንናገር ፍጥነቱ፣ የተናቀው ማስጠንቀቂያና ያጠረው ግድግዳ ተቆጠሩ። ግድግዳ ሲሰነጠቅም እንዲሁ ነው። መሠረቱ ያረፈው በምን አፈር ላይ ነው? የጣሪያው ውሃ የሚወርደው የት ነው? ጎርፉ በየት በኩል ያልፋል? የዋግ ዝናብ የሚወርደው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ሲወርድም በኃይል ነው።

ከሰቆጣ ወደ ደቡብ፣ በላስታ ተራሮች የሚገኘውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። ግንቡ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተደረደሩበት፣ በኖራ የተለሰነ ነው። ከ800 ዓመት በላይ ቆይቷል። ያ እንጨት የቆመው ዋሻ ውስጥ ነው፤ ዝናብ አይደርስበትም። ያንኑ እንጨት፣ በዚያው ጥበብ፣ ሜዳ ላይ ቢያቆሙት ይህን ያህል ዘመን አይዘልቅም ነበር። ስለዚህ ስለ ዕቃው ጥራት ከመናገርዎ በፊት ዕቃው ምን እንደተሸከመና ምን እንደመታው ጽፈው ይያዙ።

መናኛ የተባለው ከምን ጋር ተወዳድሮ ነው?

የታይታኒክ ስብርባሪ በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ 3,800 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው የአትላንቲክ ወለል ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ከጎኑ የወጡ የብረት ቁርጥራጮች ላቦራቶሪ ገቡ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ብረቱ ውስጥ ድኝ በዝቷል፣ የድኙን ጉዳት የሚያስታግሰው ማንጋኒዝ ደግሞ አንሷል። ብረት ሲቀዘቅዝ መታጠፉን ትቶ እንደ ሸክላ የሚሰበርበት የሙቀት መጠን አለው። ዛሬ ለግንባታ በሚውል የተለመደ ብረት ይህ መጠን ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በታይታኒኩ ናሙና ግን በአንዱ አቅጣጫ ከዜሮ በላይ 32፣ በሌላው 56 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። የዚያን ሌሊት ባሕር ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ነበር። ይህን ያነበበ ሁሉ «አለቀ፣ ተፈረደ» አለ።

አላለቀም። አንደኛ፣ ውድድሩ ከዛሬው ብረት ጋር ነው። በ1904 ዓ.ም. ይህን ጠባይ የሚለካ መርከብ ሠሪ አልነበረም፤ ብረቱ ለዘመኑ ደንበኛ የመርከብ ብረት ነበር። ሁለተኛ፣ በላቦራቶሪው ናሙናው የተሰበረው በድንገተኛ የመዶሻ ምት ነው፤ በረዶው ግን የመርከቡን ጎን እየታከከ ነው ያለፈው። ዝግ ብሎ የሚመጣ ግፊትና ድንገተኛ ምት ብረትን እኩል አይጎዱትም።

እርስዎም የአባትዎን በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ቤት በሲሚንቶ ቤት መለኪያ አይፍረዱት። የጭቃ ግንብ ሰፊ መሠረት፣ ወፍራም ግድግዳና የረዘመ የጣሪያ ክፈፍ ካገኘ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ጭቃው የሚወቀሰው እነዚህ ተሟልተውለት ከወደቀ ነው።

ናሙናው ስንት ነው? ከየትኛው ቦታስ ተወሰደ?

ከሁሉ በላይ እንዲቆዩበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው የኮሚቴ ስህተት የሚወለደው እዚህ ነውና።

ከሳህኑ ብረት ቀጥሎ የተመራማሪዎች ዓይን ወደ ሪቬቱ ዞረ። በዚያ ዘመን ብየዳ ለመርከብ አልደረሰም፤ የብረት ሳህኖች የሚጋጠሙት በጋለ ሪቬት ነበር። በቀዳዳው ያልፋል፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ ራስ ይወጣለታል፣ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ሳህኖቹን ያጣብቃል። ታይታኒክ 3 ሚሊዮን ያህል ሪቬት ነበረው። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። መካከለኛው የመርከቡ ክፍል በማሽን በተመታ ጠንካራ የአረብ ብረት ሪቬት ተሠራ። ማሽኑ ጎበጥ ባለው የፊትና የኋላ ክፍል ስለማይገባ፣ እዚያ ሠራተኞች በእጅ እየቀጠቀጡ የድሮውን ዓይነት ብረት ተጠቀሙ። በረዶው የመታው የፊቱን ክፍል ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ ቲም ፎክ በ1990 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከፊቱ ዓይነት ሪቬቶች ውስጥ ያልተጣራ የማቅለጫ ዝቃጭ በዝቶ መገኘቱን አሳየ፤ 9 በመቶ ገደማ፣ ጥሩ ከሚባለው ሦስት እጥፍ ያህል። ከብዛቱ የባሰው አቀማመጡ ነው። ዝቃጩ በሪቬቱ ቁመት እንደ ክር የተዘረጋ ነው፤ ራሱ ሲቀጠቀጥ ግን ክሩ በዚያ ቦታ ይታጠፍና ወደ ጎን ይተኛል። በዚህ ምክንያት ሪቬቱ ሲሳብ ራሱ ይበጠሳል። አንዱ ሲበጠስ ሸክሙ ለጎረቤቱ ይተርፋል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ ውሃ ይገባል። ይህ ከሌላ ማስረጃ ጋርም ይስማማል። በ1988 ዓ.ም. ጭቃውን ዘልቆ በሚያይ የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ሲፈተሽ፣ በጎኑ ላይ የታየው ለዘመናት የተወራው ረጅም ቅዳድ ሳይሆን ስድስት ቀጫጭን ክፍተቶች ናቸው። ስፋታቸው ተደምሮ አንድ ካሬ ሜትርን ጥቂት ቢበልጥ ነው። የመርከቡ መሐንዲስ ኤድዋርድ ዋይልዲንግ በአደጋው ዓመት፣ ውሃው በገባበት ፍጥነት አስልቶ ያንኑ ያህል ስፋት ለመርማሪዎች ተናግሮ ነበር።

ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሆኖም የተመረመረው ሪቬት ከሦስቱ ሚሊዮን ውስጥ 48 ብቻ ነበር፤ ጥናቱን ያካሄዱት ሰዎችም ይህን አልሸሸጉም። የእኛ ኮሚቴዎች ደግሞ አንድ ከረጢት ደርቆ ሲያገኙ «ሲሚንቶው ሁሉ የተበላሸ ነው» ይላሉ፤ ወይም ከመቶ ፌሮ አንዱን በጣታቸው ለክተው «ደኅና ነው» ብለው ይፈርማሉ። ናሙና ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከታችም ይውሰዱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተሰነጠቀበት ቦታ እና ካልተሰነጠቀበት ቦታ፣ ከሁለቱም ይውሰዱ። ሁለቱ አንድ ሆነው ከተገኙ ጥፋቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብዎ።

አብሮት የተሠራው ምን ሆነ?

ታይታኒክ ታላቅ እህት ነበረችው፤ ኦሊምፒክ ትባላለች። በቤልፋስት ከተማ በዚያው በሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ ግቢ፣ በተመሳሳይ ንድፍና ብረት የተሠራች ናት። መስከረም 1904 ዓ.ም. ሃውክ ከተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ጋር ተጋጭታ ጎኗ ተቀደደ፤ በራሷ ኃይል ወደብ ደረሰች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1910 ዓ.ም. አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ገጭታ አሰጠመች። ከአገልግሎት የተሰናበተችው በ1927 ዓ.ም. ነው። «ብረቱ መናኛ ስለነበር ብቻ ሰጠመ» ለሚል ሰው ኦሊምፒክ ከባድ ምስክር ናት።

በተቃራኒው ዕቃው በእርግጥ ጥፋተኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማወቅም ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ በብየዳ በጥድፊያ ካመረተቻቸው መርከቦች አንዷ፣ ስኬኔክታዲ የተባለች ነዳጅ ጫኝ፣ ጥር 1935 ዓ.ም. ወደብ ላይ፣ በተረጋጋ ውሃ እንደቆመች ለሁለት ተሰነጠቀች። የመታት ነገር የለም። በሌሎች መርከቦችም፣ በተለይ በብርድ ወቅት፣ ተመሳሳይ ስንጥቅ ተደጋገመ። ሁሉም ብየዳውን ሲወቅስ የካምብሪጅዋ ሊቅ ኮንስታንስ ቲፐር ምክንያቱ ብረቱ በቅዝቃዜ ተሰባሪ መሆኑ እንደሆነ አሳየች። ልዩነቱን ልብ ይበሉ፤ ሳይመታ መሰበሩና በብዙ ቦታ መደጋገሙ።

ላሊበላም ይኸው ነው። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከዚያው አካባቢ እሳተ ገሞራ ወለድ ዓለት ነው። ግን አንዳንዶቹ ተሰነጣጥቀው በ2000 ዓ.ም. ከላያቸው መጠለያ እስከሚሠራላቸው ደረሱ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከሁሉም በተሻለ ይዞታ ላይ ይገኛል። ድንጋዩ ከቦታ ቦታ መለያየቱ አለ። ነገር ግን ውሃው የሚወርድበትና የሚተኛበት ቦታ ድርሻው ትልቅ ነው።

እንግዲህ የተሰነጠቀው የትምህርት ቤት ክፍል ከሆነ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሲሚንቶ፣ በዚያው ግንበኛ የተሠራ ሌላ ክፍል ይፈልጉ። አጎራባች ቀበሌም ቢሆን ሄደው ይዩት።

ማን መረጠው? ለምንስ?

የብረታ ብረት ተመራማሪዋ ጄኒፈር ሁፐር ማካርቲ ከፎክ ጋር ሆና የመርከብ ሠሪውን መዛግብት ስታገላብጥ አንድ ነገር አገኘች። ድርጅቱ ሦስት ግዙፍ መርከቦችን በአንድ ላይ ለመሥራት ሲነሳ የሪቬት ብረትም፣ የሪቬት ሠራተኛም አጥሮት ነበር። ስለዚህ ከትንንሽ ፋብሪካዎች ጭምር ገዛ፤ ያዘዘውም ለሪቬት ይመረጥ ከነበረው አራተኛ ደረጃ አንድ ዝቅ ያለውን ሦስተኛውን ደረጃ ነው። ይህ ስርቆት አይደለም። ጥድፊያና እጥረት ያመጡት ውሳኔ ነው፤ በጠረጴዛ ዙሪያ፣ በፊርማ የተወሰነ።

በዋግ ኽምራ እጥረት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሲሚንቶ ከሩቅ ይመጣል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ዋጋ ይንራል፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ ላይ ያልቃል። በዚህ ጊዜ «ያለውን እንጠቀም» የሚል ሰው ሌባ አይደለም። ነገር ግን ማን እንዳለውና በምን ምክንያት በቃለ ጉባኤ ካልተጻፈ፣ በኋላ ጥፋቱ የሚለጠፈው ከሁሉ በታች ባለው ሰው ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በግንበኛው። ግንበኛው ደግሞ ዕቃውን አልመረጠም፤ ያቀረቡለትን ነው የገነባው።

የተሻለ ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

ይህን ሳይመልሱ አይፍረዱ። ታይታኒክ ከፊት በኩል የተሻለ ሪቬት ቢኖረው መጋጠሚያዎቹ ይህን ያህል ላይከፈቱ፣ ውሃው ዝግ ብሎ ሊገባ ይችል ነበር። ለእርዳታ የመጣችው ካርፓቲያ የተባለች መርከብ የደረሰችው ታይታኒክ ከሰጠመ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ ሁለት ሰዓት ማለት ያን ጊዜ ብዙ ነፍስ ነበር። ስለዚህ መናኛው ሪቬት ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ። ድርሻው ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። መርከቡ የያዛቸው 20 የነፍስ አድን ጀልባዎች ቢሞሉ እንኳ የሚይዙት 1,178 ሰው ነበር። ይህም የዘመኑን ሕግ አሟልቶ አልፏል፤ ሕጉ የወጣው ከ10,000 ቶን እምብዛም ለማይበልጡ መርከቦች ሲሆን ታይታኒክ 46,000 ቶን ነበር። ጀልባዎቹም ብዙዎቹ ሳይሞሉ ሄዱ። ያን ሌሊት የሞተውን ሕዝብ ሁሉ በሪቬት ማሳበብ ፍትሕ አይደለም።

ወደ ሚዛን ያውጡት

አሁን ወደ ራስዎ ግቢ። ምርመራ ሲባል ላቦራቶሪ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። የላቦራቶሪን ቦታ የሚተካ የለም፤ ግን ብዙውን ነገር ሰቆጣ ገበያ ባለ የእህል ሚዛን ማወቅ ይቻላል።

ፌሮ በክብደቱ ይታወቃል። ሙሉ 12 ሜትር የሆነ ባለ 12 ፌሮ 10.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 10 ሲሆን 7.4፣ ባለ 8 ሲሆን 4.7 ኪሎ ነው። አምስት ባለ 12 አንድ ላይ አስረው ይመዝኑ፤ 53 ኪሎ ግድም መሆን አለበት። 45 ኪሎ ከሆነ የገዙት ባለ 11 ነው ማለት ይቻላል፤ የመሸከም አቅሙም 16 በመቶ ያህል ቀንሷል። በዓይን ማንም አይለየውም። የጣሪያ ቆርቆሮ ሲገዙ የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አይርሱ፤ 35 ከ28 ይሳሳል።

ሲሚንቶ ከሆነ የተመረተበትን ቀን ይዩ። ሦስት ወር ያለፈው፣ በተለይ በክረምት የቆየ፣ ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል ካለው ለምሰሶና ለቢም አይጠቀሙበት። አሸዋውን ውስጡን በሚያሳይ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ይሙሉት፣ ውሃ ጨምረው ይናጡት፣ ያሳድሩት። ከላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይቀየር።

ከሁሉ ይልቅ የምሰጋው ግን ስለ ውሃው ነው። ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ለማቡካት እንዲቀል ብለው ግማሽ ጀሪካን ቢጨምሩበት የኮንክሪቱ ጥንካሬ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። በበጋ፣ ውሃ ከሩቅ በአህያ በሚቀዳበት ቀበሌ፣ ለግድግዳ ውሃ ማጠጣት ከልጆች አፍ መንጠቅ ይመስላል፤ ስለዚህ ይተዋል። ከዓመት በኋላ ሲሰነጠቅ የሚወቀሰው ሲሚንቶው ነው። የውሃ ዋጋ በግንባታው በጀት ውስጥ ራሱን ችሎ ይግባ፤ ግንባታውም ከተቻለ ውሃ ባለበት ወር ይታቀድ።

በተከዜ ላይ ጀልባ ለምትገዙ ማኅበራት

188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ሥራ ከጀመረበት ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የአበርገሌና የዝቋላ ቆላዎች ሐይቅ አግኝተዋል፤ ወጣቶችም በማኅበር ተደራጅተው ዓሣ ያጠምዳሉ። ስለዚህ የመርከብ ነገር ለዋግ ሰው የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። የብረት ጀልባ ከሆነ ከሳህኑ ውፍረት ይልቅ መጋጠሚያውን ይፈትሹ። ውስጡን ውሃ ሞልተው፣ ደረቅ መሬት ላይ በጠንካራ ድጋፍ አስቀምጠው ያሳድሩት፤ ከውጭ የረጠበ ብየዳ ካለ ከመረከባችሁ በፊት ይታደስ። የሚጭነውን የሰውና የዓሣ ክብደት ጠይቃችሁ ጎኑ ላይ በቀለም ጻፉበት። የተንሳፋፊ ሰደርያ ቁጥር ከተሳፋሪው ቁጥር አንድም እንዳያንስ፤ ይህ በግዢው ውል ውስጥ ይግባ እንጂ «በኋላ እንገዛለን» ተብሎ አይተው።

ግድግዳም ይሁን ጀልባ፣ በርክክቡ ቀን ከየዕቃው ጥቂት ቁራጭ፣ የሲሚንቶውን ባዶ ከረጢትና የአሸዋውን ጠርሙስ ቀን ጽፋችሁበት፣ ሻጩና ግንበኛው ባሉበት አሽጋችሁ ከኮሚቴው ውጭ በሆነ ሰው ዘንድ አስቀምጡ። ሁለት ክረምት እስኪያልፍ እንዳይከፈት።